ቀይ ክር የታሰረበት ሽቶ

ሽቶ ቀማሚዋ ሞታ የተገኘችው ከሱቋ ጀርባ ባለችው ጠባብ መቀመሚያ ክፍል ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም። መጀመሪያ ያያት የሱቁ ሻጭ ነው። በሩን ገፋ አድርጎ "እትዬ፣ መጣሁ" አለ። መልስ የለም። ደግሞ ሊጣራ አፉን ሲከፍት ሽታው ጉሮሮውን ያዘው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱም በደንብ አያስታውስ። መንገድ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነው ሰው የደረሰለት።

ኢንስፔክተሩ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም አፍንጫውን በመሀረብ ያዘ። ደሙ እንኳ ጥቂት ነበር። ክፍሉን የሞላው ሽቶው ነው። ጽጌረዳው፣ ቅርንፉዱ፣ ማሩ፣ ሌላም ስሙን የማያውቀው ነገር ተደባልቆ ሰውን ወደ ውጭ ይገፋል።

ይህ ኢንስፔክተር፣ ልንገራችሁ፣ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። ምስክር ሲጠይቅ ይንጎራደዳል፣ ስልክ ሲያወራ ይንጎራደዳል፣ ሚስቱ እንደምትለው ምሳውንም የሚበላው ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን እየተመላለሰ ነው። በየሄደበት ቤት "ኧረ ቁጭ በሉ!" ሲባል ስለሚውል ባልደረቦቹ ቅጽል ስሙን "ቁጭ በሉ" አሉት። የዚያን ቀን ደግሞ ባሰበት። ነፋሱ የሱቁን ታፔላ ያንኳኳል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም በሩና በጠረጴዛው መካከል ይመላለሳል።

ሟቿ ከሥራ ጠረጴዛዋ ሥር በግንባሯ ተደፍታለች። አጠገቧ ቅመም የምትወቅጥበት የነሐስ ዘነዘና ወድቋል። ግራ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ ስካርፍ ጣል ተደርጓል።

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። "ጌታዬ፣ ሽታው ከዚህ ነው የሚመጣው። ስካርፉ በሽቶ ርሷል።"

"የሟቿ ነው?"

"ቀማሚ ሥራ ላይ ሽቶ አይቀባም ሲሉ ሰምቻለሁ። አፍንጫዋን ያምታታባታል።"

መልሱን ያገኙት ከጎረቤት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መስፊያ መኪናውን ትቶ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ሜትሩ እንኳ ከአንገቱ አልወረደም።

"ይሄንን ሽቶ ማን ያጣዋል?" አለ። "የታናሽ እህቷ ነው። ሴትየዋ ከመምጣቷ በፊት ሽቶዋ ይመጣል። እሷ ከሄደችም በኋላ እዚሁ ሲያወራን ይውላል።"

"እህቷ ምን ዓይነት ሰው ናት?"

"እንደ ሽቶዋ ናታ! ጯሂ። ትናንት እዚሁ ደጃፍ ላይ ከእህቷ ጋር ተጯጩኸው የሽቶ ጠርሙስ ሰብራ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ መኪናዬ ይንጫጫል። ጠርሙሱ ሲሰበር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።"

ኢንስፔክተሩ ወደ ደጃፉ ወጣ። ከደረጃው ሥር የጠርሙስ አንገት ተሰብሮ ወድቋል። ዙሪያውን ቀይ ክር ታስሮበታል። አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

*

እህትየዋን የያዟት ከልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ጣቢያ ስትገባ አልጮኸችም። ያቺ ጯሂ የተባለችው ሴት ጥግ ላይ ባለች ወንበር ላይ ተኮራምታ ተቀመጠችና የእህቷን ሞት ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ልጄን ማን ወሰዳት?"

"አባቷ" አለች ሳጅኗ።

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"እህቴ፣ ስካርፉ ያንቺ ነው?" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ።

"የኔ ነው።"

"እንዴት እዚያ ተገኘ?"

ሴትየዋ ወደ በሩ ዞረች።

"ትናንት በምን ተጣላችሁ?"

በቀስታ፣ "ልጄ እዚያ ቤት ናት" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሳጅኗ ፈትሻት ስትወጣ ኢንስፔክተሩን ኮሪደር ላይ ሳበችው። "አንገቷ ላይ ምታት አለ። ከሟቿ ጋር ታግላ ይሆናል። ስጠይቃት 'ቤት ደረጃ ላይ ወድቄ ነው' አለች።"

"ምን ዓይነት ቀለም አለው?"

"ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ። ቅባት ተቀብታበታለች።"

አዛዡ ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። ብዙ መዝገብ የተከመረበት፣ ለጡረታ የቀረበ ሰው ነው። "ሽቶዋ እዚያ፣ ጠቧ ትናንት፣ ምታቱ አንገቷ ላይ። ሌላ ምን ቀረህ? ነገ ከሰዓት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል። ይልቅ ቁጭ በልና ጻፍ!"

"እሺ" አለ ኢንስፔክተሩ፤ ቁጭ ግን አላለም። ቢጫው ቀለም አላስቀመጠውም። ዛሬ ወይ ትናንት የተመታ ሰው አንገት ይጠቁራል፣ ይቀላል፤ ቢጫ የሚሆነው ከሰነበተ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ አእምሮው ጫፍ ላይ መጥቶ የሚሸሽ ነገር። በዚያች ጠባብ የጣቢያ ክፍል ከሴትየዋ ጋር ያን ያህል ሲቆይ የጎደለ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልመጣለትም።

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ እህትየዋ ባል መሥሪያ ቤት ሄዱ። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። የሰው አክብሮት ያለው፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ልብሱ እንደተተኮሰ የሚውል ሰው።

"ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ" አለ ተነሥቶ።

"ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል።"

"ባለቤቴ ቁጡ ናት፤ አልዋሽዎትም። ልቧ ግን ክፉ አይደለም። እባክዎ እንደ ክፉ ሰው አይዩብኝ።" መሀረቡን አውጥቶ ዓይኑን ነካ አደረገ። "ትናንት ጠዋት ራሱ ከቤት ስትወጣ ሽቶዋ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ምነው ባስቀረኋት ብዬ እስካሁን እቆጫለሁ።"

"እርስዎስ ሽቶ ይቀባሉ?"

ሰውየው ፈገግ አለ። "የሽቶ ቀማሚ አማች ሆኜ አንድ ጠርሙስ አልደረሰኝም፣ ያምኑኛል? በጠየቅኳት ቁጥር 'ሽታህን አላገኘሁትም' ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማር፣ ቀልደኛ ነበረች።"

"ትናንት ከሰዓት የት ዋሉ?"

"እዚሁ ቢሮዬ። ጸሐፊዬን ይጠይቋት።"

ጸሐፊዋ ከውጭ ተቀምጣለች፤ የጥፍር ቀለሟ እስኪደርቅ ጣቶቿን እያርገበገበች።

"አዎ፣ ቢሮ ነበሩ" አለች።

"አየሻቸው?"

"ኮታቸውን አየሁት። ወንበራቸው ላይ ነበር።"

"እሳቸውንስ?"

"ኮታቸው ካለ እሳቸው አሉ ማለት ነዋ። እሳቸው ያለ ኮት ወዴት ይሄዳሉ?"

ሳጅኗ ሳቋን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኢንስፔክተሩ ግን ደረጃውን ሲወርድ እንዲህ አላት፦ "ሻጩ ግን ትናንት የት እንደነበር ዋሽቶናል። ፖስታ ቤት ነበርኩ ብሎ አልነበር? ትናንት ፖስታ ቤቱ ከሰዓት ተዘግቶ ነው የዋለው፤ ስናልፍ አይቼዋለሁ።"

"ሱቁንም፣ ሰዓቱንም፣ ዘነዘናውንም የሚያውቅ እሱ ነው" አለች ሳጅኗ። ድምፅዋ ሞቅ አለ።

"እንሂድ።"

*

ሻጩ ገና ሲያያቸው ላብ አጠመቀው። መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ዕድሜውን ጠይቃችሁት በየዓመቱ የሚቀንስ ዓይነት ሰው ነው።

"ፖስታ ቤት ነበርኩ ብዬ…"

"ተዘግቶ ነበር።"

"እንግዲያው በር ላይ…"

"ወንድሜ" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ሱቁን እየዞረ፣ "እህትየዋ ዛሬ ልትከሰስ ነው። ካንተ ውሸት የሚጠቀም ካለ ገዳዩ ነው። ያ ገዳይ አንተ ነህ?"

"እኔ? ለእትዬ? እኔ?" ሰውየው እንባው መጣ። "እሺ፣ እሺ። ፀጉር ቤት ነበርኩ።"

"ፀጉር መቆረጥ ምን ያስዋሻል?"

ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አልተቆረጥኩም።"

ሳጅኗ ጠጋ ብላ ጆሮውን አየች። ከጆሮው ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። "ቀለም!" አለች። "ሽበትህን አስጠቁረህ ነው!"

"እባክሽ ቀስ በይ፣ ልብስ ሰፊው ይሰማል" አለ ሰውየው ጆሮውን እየሸፈነ። "እትዬ ራሷ ናት ትናንት ከምሳ በኋላ 'ዛሬ ሂድና ሽበትህን አስጠቁር፣ ብቻዬን የማነጋግረው ሰው አለ' ያለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ፊቷ ግን ተለዋውጦ ነበር።"

ኢንስፔክተሩ መዞሩን ትቶ ቆመ። በጣም ጥቂት ጊዜ ነው እንዲህ የሚቆመው። ከቦርሳው የታሸገ ላስቲክ አውጥቶ ስካርፉን አሳየው። እስካሁን ከእህትየዋ በቀር ለማንም አላሳየውም ነበር።

"ይሄን ታውቀዋለህ?"

"ይሄማ የትከሻ ጨርቅ ነው!" አለ ሻጩ ወዲያው። ከዚያ ላስቲኩን ከፈት አድርጎ ሲያሸት ፊቱ ተጨማደደ። "አይ፣ አይደለም። ልክ አይደለም ይሄ።"

"ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? የትከሻ ጨርቅ ምንድን ነው?"

"እትዬ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም እኮ። ሽቶ የምትሠራው ለሰውየው ነው፣ ለገበያ አይደለም። 'ሰው በአፉ ስለ ራሱ የሚነግረኝን አላምንም፣ ቆዳው ይንገረኝ' ትላለች። ሽቶ ላዘዘ ሰው፣ ወር ያህል ምንም ሽቶ አትቀባ፣ ከዚያ በባዶ አንገትህ ያደረግከውን ጨርቅ ሳታጥብ አምጣልኝ ትለዋለች። ጨርቁን በክዳን ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስትቀምም ታወጣውና ግራ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። እያሸተተች፣ እየጨመረች፣ እያሸተተች። ከእኔና ካዘዘው ሰው በቀር ይሄን የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ አመሌን ቢያውቅ ይስቅብኛል ትል ነበር።"

"እና ሽቶ የነካው ጨርቅ?"

"ትጥለዋለች! አንድ ደንበኛ ጨርቁ ላይ ትንሽ ነካ አድርጎ ቢያመጣ መንገድ ላይ ነው የወረወረችበት። በሽቶ የራሰ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ? በሕይወቷ አታደርገውም!"

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አየ። ሳጅኗም እሱን አየች።

"እሷ ከሞተች በኋላ ነው የፈሰሰበት" አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ።

መቀመሚያው ክፍል ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የክዳን ጠርሙስ ባዶውን፣ ክዳኑ ጎኑ ተቀምጦ ቆሟል። ትናንትም አይተውታል፤ ስንት ጠርሙስ ባለበት ክፍል ውስጥ ማን ልብ ይለዋል? አጠገቡ ገና ያላለቀ፣ ክር ያልታሰረበት ትንሽ ሽቶ አለ። ግድግዳው ላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ጠርሙሶች በየቀለሙ ክር አንገታቸው ታስሮ ተደርድረዋል።

"ክሩ ምንድን ነው?"

"የየሰዉ ምልክት ነው። ከልብስ ሰፊው ነው የምትወስደው። ቢጫው የዳኛዋ፣ ጥቁሩ የአናጺው…" ሻጩ ቀይ ክር የታሰረበትን ሲያነሣ ደነገጠ። "ይሄ የታናሿ ነው። ሙሉ ነበር። ከግማሽ በታች ሆኗል!"

ኢንስፔክተሩ ባዶውን የክዳን ጠርሙስ አነሣ። ስካርፉ ሽቶ ከመፍሰሱ በፊት እዚህ ውስጥ ነበር። ስካርፉ ሽታውን ቢቀይርም ጠርሙሱ አልቀየረም። አፍንጫውን አስጠግቶ ሳበ። ካፉር። ካፉር የሚሸት፣ ለምታትና ለወለምታ የሚታሽ ቅባት። ከሥሩ ደግሞ የሰው ላብ።

ያኔ ነው ትናንት የሸሸው ነገር ተመልሶ የመጣው። በጣቢያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያች ከመምጣቷ በፊት ሽቶዋ ይመጣል ከተባለችው ሴት ጋር ያን ያህል ቆይቶ፣ ሽቶ የሚባል አልሸተተውም። የሸተተው ይኼ ነው።

*

ጠርሙሱን ይዞ ወደ እህትየዋ ገባ። ክዳኑን ከፍቶ ፊቷ አስቀመጠው። አየችው። አሸተተችው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ሽቶውን ከተውሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አላት።

"ከወር በላይ።" እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ድሮ ስትሠራልኝ ልጅ ነበርኩ። ስስቅ ሰፈሩ ይሰማኝ ነበር። እውነትም እኔን ይመስል ነበር ያ ሽቶ። ካገባሁ በኋላ ግን… ቅባቱ እንዳይሸት ነበር እላዬ ላይ የምደፋው። ሰዉ 'ጯሂ' ይለኛል። ይበል። ቅባት ቅባት ከምሸት ጯሂ ብባል ይሻላል።"

"ከትናንት ወዲያ የተጣላችሁትስ?"

"ሌላ ሥሪልኝ አልኳት። የማይከተለኝ ሽቶ። ሰው ዞር ብሎ የማያየኝ። ልጄን ይዤ ልሄድ ነበር እኮ። እሷ ምኑን ታውቃለች? ተቆጣች። 'ያ ሽቶ አንቺ ነሽ፣ ራስሽን ልትጥይ ነው የምትፈልጊው!' አለችኝ። በብስጭት ጠርሙሱን ሰበርኩት። ከዚያ ስካርፉን ሰጠኋት። በአፌ መናገር አቃተኝ። ጨርቁ ይንገርልኝ አልኩ። እሷ ጨርቅ ካሸተተች ምን ይቀራታል? ባልሰጣት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።"

"ማን ነው የመታሽ? ማን ነው እህትሽን…"

"መጀመሪያ ልጄን ከዚያ ቤት አውጡልኝ!" አለች ተነሥታ፤ ያኔ ነው ጣቢያው ሙሉ ድምፅዋን የሰማው። "እሷ እዚያ እያለች አንድ ቃል አልናገርም! እሷን ሳይ እነግራችኋለሁ!"

*

ቤቱ ንጹሕ፣ ዝም ያለ ቤት ነው። ኢንስፔክተሩ እንደ ልማዱ ዞረው። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ። በር ላይ ካለችው ክፍል የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ።

"መጣሽ፣ የኔ እመቤት? ለቀቁሽ?"

ገባ። የባልየው እናት ናቸው፤ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች። ሳጅኗ ቀስ ብላ እጇን ይዛ አስነሣቻት።

"ምራትዎ አይደለሁም፣ እማማ። ፖሊስ ነኝ።"

"ታዲያ ሽቶዋ?" አሉ አሮጊቷ።

በቦርሳው ውስጥ ያለው ስካርፍ ነው። ሻጩ የከፈተው ላስቲክ በደንብ አልታሸገም።

"ይሄ ሽቶ ያጃጅለኛል እኮ" አሉ ሳቅ ብለው። "ትታው ነበር። ከተወችው ወዲህ ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ነበር የሚሸተው። ትናንት ከሰዓት ግን በር ሲከፈት ሽቶዋ ገባ። 'መጣሽ የኔ እመቤት?' ብዬ ጮኽኩ። ለካስ ልጄ ነው! አባቴ፣ እንዴት እንደሳቅኩ! 'የሚስትህን ሽቶ ተቀባህ እንዴ?' አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ።"

ሳጅኗ ልጅቷን ይዛ ወጣች። መኪናው ውስጥ አስቀምጣት ተመለሰች። ከመታጠቢያው የልብስ ቅርጫት ሸሚዝ አገኘች። እጅጌው ክንድ ድረስ የጽጌረዳና የቅርንፉድ ሽታ ነው። ቁልፉ ላይ ጥቁር ሆኖ የደረቀ ነጠብጣብ አለ። አጣቢዋ እስክትመጣ ማን ያየዋል ብሎ ነው መሰል።

ባልየው የደረሰው ያኔ ነው። ጸሐፊዋ ደውላለት ይሆናል። ኮቱን ለብሷል።

"ቁጭ በሉ እንጂ…" ጀመረ፤ ሸሚዙን ሲያይ ቃሉ ቀረ።

"ይህን ሽቶ ያፈሰሰው ሰው" አለ ኢንስፔክተሩ፣ "ቀይ ክሩን የሚያውቅ ነው። ክሩ ቤትዎ ነበር፤ በየቀኑ ከመስተዋቱ ፊት ያዩታል። የትከሻውን ጨርቅ ግን አያውቀውም። ባዶ ጨርቅ መስሎት፣ ገዳይዋ ሚስቱ እንድትመስል ብሎ ሽቶዋን ደፋበት። ሚስቱ ያን ሽቶ ከተወች ከወር በላይ እንደሆናት አላወቀም። ጠዋት ስትወጣ ግቢውን ሞልቶት ነበር አሉኝ እኮ። በአንድ ቤት እያደሩ አልሸተትዎትም።"

"ሽቶዋ ሁልጊዜ ይሸታል" አለ ሰውየው።

"ለምደውት ነው። ያፈሰሱትም እጅጌዎ ላይ አልሸተትዎትም። እናትዎን ግን ሸተታቸው።"

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ። "አስጠርታኝ መጥቼ እኮ ነው" አለ። "ጨርቁን ፊቴ ላይ እያራገበች… በሰው ትዳር ምን አገባት? ምን አገባት?"

"ልጄ" አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

ባልየው ወደ ክፍላቸው ዞረ።

"ልጄ፣ ምራቴ ሁልጊዜ ከደረጃ ወደቅኩ ትለኝ ነበር። እኔን ወደዚህ ቤት ያመጣችሁኝ ተሸክማችሁ ነው፤ ቤቱን አላየሁትም። ደረጃ ያለው ቤት ሠራ ልጄ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደረጃው የት ነው?"

ባልየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሳጅኗ እጁን ይዛ አወጣችው። ኢንስፔክተሩ ወደ አሮጊቷ ክፍል ተመለሰና ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለላቸው። ምን እንደሚላቸው አላወቀም። እኔም ብሆን አላውቅም።

*

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እህትየዋ ከልጇ ጋር ወደ ሱቁ መጣች። ኢንስፔክተሩ ጨርቁንና ጠርሙሱን ሊመልስላት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሻጩ ሽበቱን ማስጠቆር ትቷል፤ እትዬ ከሞተች ለማን ብዬ ብሎ።

ያላለቀውን ሽቶ አወጣላት። "ላንቺ ነው ስትሠራ የነበረው። ክር አላሰረችበትም ገና።"

እህትየዋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። "ምንም የለውም" አለች፤ ፊቷ ወደቀ። "የታጠበ ጨርቅ ነው የሚሸተው። እንደጠየቅኳት ነው የሠራችው። የማይከተል።"

"ቆዳ ላይ ካልዋለ አይናገርም" አለ ሻጩ። "ተቀቢውና ጠብቂ። እሷ ሁሌም ጠብቁ ነበር የምትለው።"

የእጇ አንጓ ላይ ነካ አደረገች። ልጅቷም እጇን ዘረጋች፤ ለሷም ነካ አደረገችላት። ጠበቁ። ሻጩ ሻይ አፈላ። ኢንስፔክተሩ መደርደሪያውን ዞረ፣ በሩን ዞረ፣ ደግሞ መደርደሪያውን።

"ኧረ ቁጭ በሉ" አለችው ልጅቷ።

ሁሉም ሳቀ። እሱም፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቁጭ አለ። የቀማሚዋ ዝቅተኛ ዱካ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው።

ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው እህትየዋ እጇን ወደ አፍንጫዋ ያነሣችው። አንዴ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ዓይኗ ፈጠጠ።

"ምንድን ነው?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ከሥር… ከሥር ደብቃዋለች! ቅርንፉዱ! ማሩ! ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ። ቅባት ቅባት እየሸተትኩ፣ ያን ሁሉ እያወቀች፣ እኔን ከሥሩ ከታኛለች!" እንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች። "ይቺ ደረቅ! እሺ ያለች መስላ የራሷን አደረገች!"

ሳቋ ሱቁን ሞላው፣ በበሩ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ። ልጅቷ እናቷን በመገረም አየቻት፤ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። ከማዶ ልብስ ሰፊው መስፊያ መኪናውን አቁሞ ቀና አለ።

እህትየዋ ትንሿን ጠርሙስ በመዳፏ ይዛ ወደሱ ተሻገረች።

"ክር ስጠኝ" አለችው።

"ምን ዓይነት ቀለም?"

ጠርሙሱን አየችው፤ አሰብ አደረገች።

"ቀይ" አለች። "ግን ቀጠን ያለ።"